የአንድ ድርጅት አጭር የሕይወት ታሪክ

ካምፓላ ውስጥ ሐበሻ ሲሞት መጀመሪያ ለዕድሩ ዳኛ ይደወላል፤ ቀጥሎ ለእኔ። ሐኪም አይደለሁም፤ ዘመድም አይደለሁም። የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ ነኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩት ድሮ ነው፤ ያኔ አሥራ ሁለተኛ የጨረሰ ሰው ዓረፍተ ነገሩን በአራት ነጥብ ይዘጋ ነበር። ዛሬ ባለዲግሪዎቹ አራት ነጥብ የሚባል ነገር መኖሩን ስለረሱ ሙታናቸውን ወደ እኔ ይልካሉ።

ሥራው ከባድ አይደለም። ሟች ከአባቱና ከእናቱ ይወለዳል፤ ዕድሜው ለትምህርት ሲደርስ ትምህርት ቤት ይገባል፤ በሥራ ዓለም በቅንነት ያገለግላል፤ ከሰው ጋር ተግባቢ፣ ለተቸገረ ደራሽ ይሆናል፤ ባደረበት ሕመም በሀገር ውስጥና በውጭ ሀገር ሲረዳ ይቆያል፤ ከዚያ ያርፋል። ተግባቢ ያልሆነ ሟች ጽፌ አላውቅም። ከጎረቤቱ ጋር በአጥር ተካሶ የኖረ ሰው እንኳ በእኔ ብዕር ሰላም ወዳድ ሆኖ ተቀብሯል፤ ጎረቤቱም ቆሞ ሰምቶ አንገቱን ነቅንቋል።

በኮሮናው ጊዜ ብዙ ጻፍኩ። ሰው ቀብር እንዲወጣ ስላልተፈቀደ ወረቀቱ በስልክ ይነበብ ነበር። ስለዚያ ጊዜ ሌላ የምለው የለኝም። ያነሳሁትም እጄ እንዴት እንደለመደ ለማስረዳት ብቻ ነው።

እጄ በዚህ ዓይነት ከሠለጠነ በኋላ፣ ትምህርት ቤቶች ተከፍተው ከተማው መተንፈስ በጀመረበት ሰሞን፣ ኢንጂነር በፍቃዱ ኪዋቱሌ ሰፈር ያለው ቤቴ መጣ። በፍቃዱ የአንድ የቴሌኮም ሶፍትዌርና የምህንድስና አገልግሎት ድርጅት ባለቤት ነው። የድርጅቱ ስም ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ ፊደሎቹ የምን ምህጻረ ቃል እንደሆኑ ብጠይቀው አንዱን አላስታወሰውም። ከእኔ ጋር የምትኖረው የወንድሜ ልጅ ራሔል እዚያ ፕሮግራም ትጽፋለች። ራሔል ያደገችው እዚሁ ነው። አማርኛ ትናገራለች፤ ታነባለች ለማለት ግን አልደፍርም።

"እትዬ፣ ሊረዱኝ ነው የመጣሁት" አለ ገና ሳይቀመጥ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የስልክ ታወር የሚተክል ትልቅ ተቋራጭ አለ፤ አብሮት የሚሠራ ድርጅት ይፈልጋል። ሊቀ መንበሩ ጋሽ ደምሰው የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፤ በአካል መጥተው ሊያዩ ነው። የጠየቁትም ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የድርጅቱን ታሪክ በአማርኛ ተጽፎ ማንበብ ይፈልጋሉ፤ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ሁሉም ድርጅት አንድ ነው ብለዋል። ሁለተኛ፣ ድርጅቱ የሠራለት ሰው ስለ ሥራው ሲመሰክር በጆሯቸው መስማት ይፈልጋሉ።

"የመጀመሪያው በእርስዎ እጅ ነው" አለኝ በፍቃዱ።

"ሁለተኛውስ?"

"ሚስተር ካቶ ነበር።"

ሚስተር ካቶ የአንድ ትልቅ የስልክ ኩባንያ ሹም ነው። በፍቃዱ ለዓመታት ታወሮቹን ጠብቆለታል። ባለፈው ዓመት ግን ካቶ ሥራውን ከእሱ አንስቶ ለሌሎች ሰጠ፤ ምክንያቱንም አልተናገረም።

"ስደውልለት ስብሰባ ላይ ነው" አለ በፍቃዱ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከመስከረም።"

"ረጅም ስብሰባ ነው።"

አልሳቀም። "ይሄ ሥራ ካልተገኘ በወሩ መጨረሻ ቢሮውን እዘጋለሁ" አለኝ። ሻይ ልታመጣ የገባችውን ራሔልን አየኋት። የሥራ ፈቃዷ የተያዘው በድርጅቱ ስም ነው። ድርጅቱ ከሌለ ፈቃዱ የለም፤ ፈቃዱ ከሌለ ራሔል ወዴት እንደምትሄድ የሚያውቅ የለም። ተነሥቼ ብዕር ፈለግሁ።

የድርጅት ታሪክ ማስነገር የሰው ታሪክ እንደ ማስነገር አይደለም። ሰው ከልደቱ ይጀምራል፤ ድርጅት ከቪዥኑ ይጀምራል።

"እኛ እንግዲህ ኢንድ ቱ ኢንድ ሶሉሽን ፕሮቫይደር ነን" አለ በፍቃዱ ሻዩን እያማሰለ።

"ሥራችሁ ምንድን ነው?"

"እሱ እኮ ነው።"

"ጠዋት ተነሥተህ ምን ትሠራለህ?"

አሰበ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቆት የሚያውቅ ሰው የለም መሰለኝ። "ድሮ ታወር እወጣ ነበር" አለ በመጨረሻ።

"በል ከዚያ ጀምር።"

ድርጅቱ ሲጀመር አንድ ሰው፣ አንድ የወገብ ቀበቶና አንድ እሽግ ቢዝነስ ካርድ ነበር። ከሦስቱ ውዱ ካርዱ ነበር። ካርዱ "ዋና ሥራ አስፈጻሚ" ይላል፤ ሥራውን የሚፈጽም ሌላ ሰው ስላልነበረ ዋና ሥራ አስፈጻሚው ራሱ ይወጣል፣ አምፖል ይቀይራል፣ ቀለም ይቀባል፣ ይወርዳል። ታወሩ ላይ ደግሞ አባ ኮዳ ጎጆ ይሠራል። የካምፓላን አባ ኮዳ ያላየ ሰው ወፍ አይቻለሁ አይበል፤ ቁመቱ የልጅ፣ ራሱ የመላጣ ሽማግሌ፣ ግርማው የጡረተኛ ዳኛ ነው። የድርጅቱ የመጀመሪያ የምህንድስና አገልግሎት ይህን ጎጆ ማውረድ ነበር። አባ ኮዳው ውሉን ስላላነበበ በሳምንቱ ተመልሶ ይሠራል፤ በፍቃዱም ተመልሶ ያወርዳል። በዚህ መንገድ ድርጅቱ የመጀመሪያ ቋሚ ሥራውን አገኘ።

"ይሄን አይጻፉት" አለኝ። "የመሠረተ ልማት ደህንነት ሥራ ቢሉትስ?"

አልኩት።

ቀጥሎ ሶፍትዌር መጣ። ከታወሩ ሥር ጀኔሬተር አለ፤ ለጀኔሬተሩ ናፍጣ ይቀመጣል። ናፍጣ ቶሎ የሚተን ነገር አይደለም ይላሉ፤ የታወር ናፍጣ ግን ይተናል፤ በተለይ ዘበኛው ዘመድ ካለው። በፍቃዱ ይህን ለመያዝ ከናፍጣው ጋን በስልክ መልእክት የሚልክ ፕሮግራም ሠራ። ፕሮግራሙ በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ጋን ሙሉ ነው አለ። በሚቀጥለውም ሙሉ ነው አለ። ሚስተር ካቶ ተደሰተ፤ አለቆቹም ተደሰቱ። እንዲህ ያለ አስደሳች ሪፖርት የሚጽፍ እኛ አገር ብቻ ያለ ይመስለኝ ነበር። በፈረንጆች ገና ዋዜማ ግማሽ ከተማ ስልኩ ጸጥ አለ። ጋኖቹ ባዶ ነበሩ፤ ፕሮግራሙ ሙሉ ከማለት ሌላ ቃል አልተማረም ነበር። በፍቃዱ በዓሉን ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ብስክሌት ላይ ጀሪካን አቅፎ ከታወር ታወር ሲዞር ዋለ።

"ይሄማ በፍጹም" አለ። "'የመጀመሪያው ስሪት ጠቃሚ ልምድ አስገኝቷል' ይበሉልኝ።"

አልኩለት።

ቢሮው ከበፍቃዱ መኝታ ቤት ተነሥቶ አንድ ጋራዥ ገባ፤ ከጋራዡ ወጥቶ ቡኮቶ ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወጣ። ከሕንፃው ሥር ሮሌክስ ሻጭ አለ፤ እንቁላል ጠብሶ በቻፓቲ ይጠቀልላል። ያ ሰው ከፎቅ በታች እንዳለ፣ የሥራውን ስም ሳይለውጥ፣ ወረፋ አሰልፎ ይኖራል። ድርጅቱ ግን ከፍ ባለ ቁጥር ስሙ ይረዝማል፤ ሥራው ያጥራል። መኝታ ቤት ሳለ ጥገና ነበር፤ ጋራዥ ሲገባ አገልግሎት ሆነ፤ ሦስተኛ ፎቅ ሲደርስ ሶሉሽን ሆነ። ችግሩ የመጣው ከሶሉሽኑ በኋላ ነው።

ከዚያ በኮሮናው እቤት ተቀመጡ ተባለ። መኪና መንዳት የተፈቀደለት በመስታወቱ ላይ የመንግሥት ተለጣፊ ያለው ብቻ ነበር፤ ስልክ እንዳይቋረጥ ተብሎ ለድርጅቱም አንድ ተሰጠው። በፍቃዱ ታወር ሊያይ ሲወጣ ከኋላ ወንበሩ ላይ ወይ ምጥ የያዛት ሴት፣ ወይ ኩላሊቱን የሚያሳጥብ ሽማግሌ፣ ወይ ለተቸገረ ቤት የሚደርስ ፖሾ የሚሉት የበቆሎ ዱቄት ይኖር ነበር። ፖሊስ ሲያስቆመው "ቴክኒሻኖቼ ናቸው" ይላል። አንደኛዋ ቴክኒሻን የሆስፒታሉ በር ላይ ስትደርስ ወለደች።

"እሱንም ይተዉት፤ ሕግ መጣስ ነው።"

"ታዲያ ምን ልጻፍ?"

"ቪዥኑን።"

ሲሄድ ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። እጄ የሚያውቀው አንድ መንገድ ነው፤ በቅሎ ሁልጊዜ ወደ ለመደችው በረት እንደምትሄድ ሄደ። "ድርጅታችን ከአባቱ ከኢንጂነር በፍቃዱ በካምፓላ ከተማ ተወለደ። ዕድሜው ለሥራ በደረሰ ጊዜ በመሠረተ ልማት ደህንነት ተሰማርቶ በቅንነት አገልግሏል። ከደንበኞቹ ጋር ተግባቢ፣ ለተቸገረ ደራሽ ነበር። ባደረበት የገበያ ሕመም በሀገር ውስጥና በውጭ ሀገር ባለሙያዎች ሲረዳ ቆይቶ..." እዚህ ላይ እጄን ያዝኩት። በጊዜ በመያዜም ኮራሁ። ቪዥኑን አስገብቼ ዘጋሁና ከላይ፣ ሳላስብ፣ ሁልጊዜ የምጽፈውን ርዕስ ጻፍኩ፤ "አጭር የሕይወት ታሪክ"።

በፍቃዱ የመጀመሪያውን መስመር አንብቦ "ክብደት አለው" አለና መኪናውን ሊያሳጥብ ሮጠ። ራሔል ደግሞ ወረቀቱን ቢሮ ወስዳ፣ እኔ ሳላየው አሳመረችው። የበፍቃዱን ባለ ከረባት ፎቶ መሃል ላይ አደረገች፤ ጥቁርና ነጭ ይሁን፣ ክላሲክ ነው አለች። ከፎቶው ሥር ስሙን፣ ከስሙ ሥር ድርጅቱ የተመሠረተበትን ዓመትና የያዝነውን ዓመት በሰረዝ አገናኝታ ጻፈች። ከዚያ ቡኮቶ ለምትነግደው ለዘሃራ ላከችው፤ ለእንግዳው በወፍራም ወረቀት፣ አንዱን ደግሞ ወርዱ አንድ ክንድ የሚሞላ አድርጋ እንድታትምላት።

ዘሃራ የወሎ ሰው ናት፤ በርበሬም ትሸጣለች፣ የስልክ ካርድም ትሸጣለች፣ ፎቶ ኮፒም ታነሣለች። ከማተሚያው ትልቁ ወረቀት ቀስ እያለ ሲወጣ አየችው። ጥቁርና ነጭ ፎቶ። ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ በመሃል ሰረዝ። አጭር የሕይወት ታሪክ። ሥሩ ያለውን ጽሑፍ አላነበበችም፤ መነጽሯ አጠገቧ አልነበረም፤ ቢኖርስ ማን በሐዘን ጊዜ ደቃቅ ጽሑፍ ያነባል? በስልኳ ፎቶ አነሣችውና የዕድሩ አባላት ሁሉ ወዳሉበት ግሩፕ ላከችው። በግሩፑ ውስጥ ካሉት መቶ ሰዎች አንዱ ሁለቱን ዓመቶች ቢቀናንስ ሟቹ ገና ሦስተኛ ክፍል መሆኑን ይደርስበት ነበር። ፂም ያለው የሦስተኛ ክፍል ተማሪ። ማንም አልቀነሰም።

ዕለቱ ጋሽ ደምሰው የሚመጡበት ዕለት ነው። በፍቃዱ ሊቀበላቸው በጠዋት ወደ እንቴቤ አውሮፕላን ማረፊያ ወጥቷል። ራሔል ቢሮ ናት። እኔ እቤቴ አተር እለቅማለሁ። ስልኬ ጮኸ።

"እህቴ፣ ሰማሽ?" ዘሃራ ናት።

"ምኑን?"

"ቁጭ በይ።"

"ቁጭ ብያለሁ።"

"በፍቃዱ... ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ስታውቂ ደብቀሽኝ ነው ብዬ ልጣላሽ ነበር እኮ። ወረቀቱ ሁሉ ወጥቶ!"

የእንቴቤ መንገድና የበፍቃዱ አነዳድ በአንድ ጊዜ ታዩኝ። ያም ሆኖ ከአፌ የወጣው ቃል ሌላ ነው።

"ወረቀቱን ማን ጻፈው?"

"ምን?"

"የሕይወት ታሪኩን። እኔ እያለሁ ማን ጻፈው?"

"ኧረ ሴትዮ! ሰውየው ሞቷል እኮ ነው የምልሽ!"

ስልኩን ዘጋሁ። እኔ ብዙ አላለቅስም። ውሃ ጠጣሁ። መነጽሬን አደረግሁ። ማንም ይሁን ማን፣ ሬሳው ሳይቀዘቅዝ ተሽቀዳድሞ የጻፈው ሰው በፍቃዱን አያውቀውም፤ እኔ አውቀዋለሁ፤ ታሪኩንም ከአፉ ሰምቻለሁ። የድርጅቱን ረቂቅ አወጣሁ። "ድርጅታችን" የሚለውን በሰረዝኩበት ሁሉ "ኢንጂነር በፍቃዱ" ብዬ ጻፍኩ። ሌላ የሚለወጥ ነገር ብዙም አልነበረም። የአባቱን ስም ስለማላውቅ "ከተከበሩ ቤተሰብ" አልኩት። ቪዥኑን አወጣሁ፤ በቦታው እሱ ያስጠፋኝን ሁሉ መለስኩ፤ አባ ኮዳውን፣ ጀሪካኑን፣ ተለጣፊውን፣ በር ላይ የተወለደችውን ሕፃን። ሟች አይከራከርም።

ጥቁር ለብሼ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ቦዳ ላይ በጎን ተቀመጥኩ። ባለቦዳው አየኝና "ማማ፣ ሶሪ" አለኝ። ከዚያ ሐዘኔን ሊያስረሳኝ መሰለኝ በመኪናዎች መሃል እየሰነጠቀ ይበር ጀመር። የፈራሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የእኔን ማን ይጽፈዋል?

ቡኮቶ ስደርስ የዕድሩ ድንኳን ከሕንፃው ፊት ለፊት ተተክሏል። የዕድራችን ዳኛ አቶ መርሻ ለሠርግ ድንኳን ቢለመኑ ቀጠሮ ይሰጣሉ፤ ለሞት ግን ከሟቹ ይቀድማሉ። የላስቲክ ወንበር ተደርድሯል፤ ሴቶቹ ንፍሮ አውጥተዋል፤ ሮሌክስ ሻጩ ለሐዘኑ ክብር ምድጃውን አጥፍቶ ቆሟል። ከፊት ጠረጴዛ ላይ ያ ትልቅ ወረቀት ተደግፏል፤ ከሥሩ ያለው ጽሑፍ በአበባ ተሸፍኗል። እኔም ዞሬ አላየሁትም። የተወዳዳሪዬን ሥራ ማየት ከኩራቴ በታች ነበር።

ከዕድሩ ሰዎች የሰማችው ራሔል አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። "ጠዋት እኮ ደውሎ ሎጎው ትንሽ ነው ብሎ ተቆጣኝ" አለች እያለቀሰች። "የመጨረሻ ቃሉ ሎጎ ነው።"

"ወረቀቱን ማን ሠራው?"

"እኔ ነኝ፤ ለእንግዳው ብዬ። እንኳን ፎቶው ተዘጋጅቶ ነበር።"

ይህን ስትለኝ ነገሩ ሊገባኝ ይገባ ነበር። ያልገባኝ ደስ ስላለኝ ነው፤ ተወዳዳሪ የለኝም ማለት ነው።

"ደወልሽለት?" አልኳት።

"ዝግ ነው።"

"እንግዲህ" አልኩ።

እሷ ስልክ ለምን እንደሚዘጋ ስታጠና የኖረች መሐንዲስ ናት፤ እኔም ባለ አራት ነጥብ ሰው ነኝ። ሁለታችንም ዝግ ስልክን እንደ ሞት ማስረጃ ተቀበልነው። በኋላ እንደሰማነው በፍቃዱ ለእንግዳው ክብር ሲል ስልኩን አጥፍቶ ጋባ ሐይቁ ዳር ጋሽ ደምሰውን ዓሣ እየጋበዘ ነበር።

ራሔል ግን አንድ ነገር አድርጋለች። የከሰዓቱን ቀጠሮ ስትሰርዝ የድርጅቱን ደንበኞች ሁሉ እያለቀሰች ደውላላቸዋለች፤ ለሚስተር ካቶም። ከመስከረም ጀምሮ የተቀመጠው ስብሰባ ሞት ሲባል ተበተነ። በጥቁር ኮት፣ ከሁለት ረዳቶች ጋር መጣና ከፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ። የዚህ አገር ሰው ለሠርግ ሊዘገይ ይችላል፤ ለሐዘን አይዘገይም፤ ተናገር ከተባለም እምቢ አይልም።

ማንበብ ጀመርኩ። ስሙን አንብቤ ካለፍኩ በኋላ አንድ መኪና ድንኳኑ መንገድ ስለዘጋበት ራቅ ብሎ ቆመ። ከውስጡ ሁለት ሰዎች ወረዱ፤ ሁለቱም ማስክ አድርገዋል። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ። በእኛ ልማድ ድንኳን ያየ ሰው ማን ሞተ ብሎ ቆሞ አይጠይቅም፤ አቀርቅሮ ገብቶ ይቀመጣል፤ ስሙን ሲወጣ ይሰማል። በፍቃዱም በጋሽ ደምሰው ጆሮ "የሕንፃው ዘበኛ ሳይሆን አይቀርም፤ ጥቂት ተቀምጠን እንግባ" አለና ከኋላው ረድፍ ተቀመጡ። ፎቶውን የሴቶቹ ነጠላ ጋርዶታል። ንፍሮ ቀረበላቸው። በፍቃዱ ማስኩን ከፍ እያደረገ ይቆረጥም ጀመር።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን የነገሩኝ ጋሽ ደምሰው ናቸው። ስለ አባ ኮዳው ሳነብ በፍቃዱ ማኘኩን አቆመ። "ይገርማል፣ ይሄ ዘበኛ እንደኔ ታወር ይወጣ ነበር" አለ። ናፍጣው ጋ ስደርስ ንፍሮውን አስቀመጠ። የጀሪካኑን ሳነብ ሴቶቹ አለቀሱ፤ የተለጣፊውን ሳነብ አንዲት እናት ልጇን አቅፋ ቆመች፤ ልጅቱ ያቺ በር ላይ የተወለደችው ናት። በፍቃዱ "ይሄማ እኔ ነኝ" ብሎ ሊነሣ ሲል ጋሽ ደምሰው ጉልበቱን ያዙት።

"ተቀመጥ።"

"ጋሽ ደምሰው፣ እኔን እኮ ነው የሚያለቅሱት!"

"አያለሁ። ይጨርሱ።"

ጨረስኩ። አቶ መርሻ "የሥራ ባልደረባ ካለ" ሲሉ ሚስተር ካቶ ተነሣ። ኮቱን ቆለፈ። በእንግሊዝኛ ይናገራል፤ ራሔል አጠገቡ ቆማ እያለቀሰች ወደ አማርኛ ትመልሳለች።

"ይህን ሰው የማውቀው ስልክ ሲያነሣ ነው" አለ። "በማንኛውም ሰዓት ብደውል ያነሣል። ጥፋት ሲያጠፋ ደግሞ ጥፋቱ የእኔ ነው ይል ነበር፤ በእኛ ሥራ ይህን ቃል የሚያውቅ ሌላ ሰው አልገጠመኝም። በዚያ የገና በዓል ራሱ ጀሪካን ተሸክሞ ሲመጣ አይቼዋለሁ። ሥራውን የነጠቅነው ርካሽ ሰው አገኘን ብለን ነው። ከእሱ በኋላ የመጡት ስልክ አያነሡም። ታወሮቻችን ይጠፋሉ፤ ወፉም ተመልሷል። ይህን በሕይወት ሳለ ልነግረው ይገባ ነበር። ዕድል ባገኝ ዛሬውኑ እመልሰው ነበር።"

ራሔል የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ስትተረጉም ከኋላ ወንበር ተገፋ። አንድ ማስክ ያደረገ ሰው በመሃል መንገድ እየተራመደ መጣ። ማስኩን አወለቀ።

"ታንክ ዩ፣ ሰር" አለ በፍቃዱ፣ እጁን እየዘረጋ።

የሆነውን በሥርዓት መናገር አልችልም። ዘሃራ "አዑዙ ቢላሂ!" ብላ የሻዩን ቴርሞስ ለቀቀችው። ሚስተር ካቶ ከረዳቱ ጭን ላይ ተቀመጠ። ሮሌክስ ሻጩ ሮጠ። ሁሉም ሲሸሽ ወደፊት የሄደችው ራሔል ብቻ ናት፤ አለቃዋን ደረቱን በሁለት እጇ ደበደበችው።

"ስልክህን ለምን ዘጋህ! ለምን ዘጋህ!"

ቀስ በቀስ ነገሩ ተፈታ። አበባው ተነሣ፤ ጽሑፉ ተነበበ፤ ነገሩ የሞተ ሰው ሳይሆን የተወለደ ድርጅት መሆኑ ታወቀ። ዘሃራ መነጽር ተዋሰች። ከዚያ ሁሉም ዞሮ እኔን አየ።

"ርዕሱን የጻፈው ማነው?" አለ በፍቃዱ።

"ፎቶውን ጥቁርና ነጭ ያደረግሁት እኔ አይደለሁም" አልኩ።

"ከገዛ ሐዘኔ ላይ ንፍሮ በልቻለሁ እኮ፣ እትዬ!"

"ደግሞ ሳትሞት ያስለቀስከን አንተ ነህ የምትቆጣው?" አለችው ዘሃራ። "ሰው እንዲህ ሲለቀስለት አመሰግናለሁ ይላል።"

በዚህ መሃል ሚስተር ካቶ ራሱን ሰበሰበ። ከረዳቱ ጭን ተነሣ፤ ከረባቱን አስተካከለ፤ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ፊቱ ወደ ሥራ ቀን ፊቱ ተመለሰ። ወደ ጋሽ ደምሰው ዞሮ በቀስታ ይናገር ጀመር። ይህ ሰው ለሙት የሰጠውን ከሕያው ሊቀማ ነው። በወሩ መጨረሻ የሚዘጋው ቢሮ፣ የራሔል ፈቃድ፣ ሁሉም በዚህ ሰው አፍ ላይ ቆመ።

"ምን ይላል?" አሉ ጋሽ ደምሰው።

ራሔል አመነታች። "በአጠቃላይ ጥሩ ነበሩ፤ ሆኖም አንዳንድ ጉድለቶችም ነበሩ፤ ሲገመገም..."

"ይብቃው" አሉ ሽማግሌው። "እንዲህ በይው። ለሞተው ያለውን ሰምቻለሁ። ለሕያው የሚለውን ማንም ይለዋል፤ ለእሱ ብዬ ከአዲስ አበባ አልመጣሁም።"

ነገረችው። ሚስተር ካቶ ወደ ወንበሮቹ ተመለከተ። መቶ ለቀስተኛ እያየው ነው። "ያልኩትን ብያለሁ" አለ በመጨረሻ፤ እጁንም ለበፍቃዱ ሰጠ።

ጋሽ ደምሰው ወደ እኔ መጡና ወረቀቱን ከእጄ ወስደው አጥፈው ኮታቸው ውስጥ ከተቱ። ለበፍቃዱም "ነገ ጠዋት ውሉን እንጽፋለን" አሉት። "አሁን ግን ስልክህን ክፈት።"

በፍቃዱ ስልኩን ከፈተ። በእጁ ውስጥ እንደ ያዙት ዶሮ ይንፈራገጥ ጀመር፤ መልእክቱ አያልቅም። ሰው ሁሉ በሟቹ በራሱ ስልክ "ነፍስህን ይማር" ብሎ ልኮለታል። ከሁሉ በላይ የቆመው የሕንፃው ባለቤት መልእክት ነበር። በፍቃዱ ጮክ ብሎ አነበበው፤ "በሞትዎ በጣም አዝነናል፤ ቢሮው መቼ ይለቀቃል?" ይላል።

"ምን ልመልስለት?" አለ፣ ዙሪያውን እያየ።

ጋሽ ደምሰው የተረፈውን ንፍሮ ከሳህኑ አንሥተው ወደ አፋቸው ከተቱ።

"'አለን' በለው።"